መንገድ፣ ነጂና መንገደኛ

፩. መንገድ ለአገር ስለሚሰጠው ጥቅም

መንገድ ለአገር እንደ ደም ሥር ነው። ደም በሥሩ እየተመላለሰ ለሰውነት ክፍል ሁሉ ምግብ እንደሚያደርስ፤ እንዲሁም የገበሬው እህል ወደ ገበያ፤ የነጋዴው ጨውና ልብስ ወደ ገጠር፤ መድኃኒት ወደ ሕመምተኛ፤ መጽሐፍም ወደ ተማሪ የሚደርሰው በመንገድ ነው። መንገድ የሌለው አገር ምንም እንኳ መሬቱ ለምለም ቢሆን፤ ያፈራውን ለሌላው ለማካፈል፤ የጎደለውንም ከሌላው ለማግኘት አይችልም።

በቀድሞው ዘመን ሲራራ ነጋዴ በቅሎውንና አህያውን ጭኖ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጅቡቲ ለመድረስ ብዙ ሳምንታት ይፈጅበት ነበር። ክረምት ሲገባና ወንዝ ሲሞላም በወንዙ ዳር ሰፍሮ ውሃው እስኪጎድል ይጠብቅ ነበር። ከዚህም የተነሣ በአንድ አውራጃ እህል ተርፎ ነቀዝ ሲበላው፤ በሌላው አውራጃ ሰው በረሃብ ይሞት ነበር።

ይህ የጥንት ነገር ብቻ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ ጽኑ ረሃብ በደረሰ ጊዜ ከውጭ አገር የመጣ ርዳታ እህል በወደብ ተከምሮ ሳለ፤ የጭነት መኪና ባለመብቃቱ፤ መንገድም ወደ ብዙው ቀበሌ ባለመግባቱ፤ ጦርነትም በመኖሩ ምክንያት እህሉ ለብዙ ሰው በጊዜው ሳይደርስለት ቀረ። እንግዲህ መንገድና ማመላለሻ የምቾት ነገር ብቻ ሳይሆኑ የሰው ነፍስ የሚያድኑ መሆናቸውን ከዚህ ማስተዋል ይቻላል።

፪. መንገድ በኢትዮጵያ እንዴት እየሰፋ እንደ ሄደ

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ለማድረስ ገደሉን እያስቆረጡ መንገድ አሠሩ። ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ ከሠራተኞቹ ጋራ መድከማቸውን በዚያ የነበሩ ሰዎች መስክረዋል። ከዚያ በኋላ ዐፄ ምኒልክ ከአዲስ አበባ እስከ አዲስ ዓለም መንገድ አሠሩ። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ ገባ። ሕዝቡም ያለ በቅሎና ያለ ፈረስ የሚሄደውን ሠረገላ እጅግ አድርጎ አደነቀ። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡርም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ።

ጣሊያን አገሪቱን በያዘበት ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ ለጦር ሠራዊቱ መተላለፊያ ብዙ መንገድ አሠራ። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ በጣርማ በር ላይ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፈውና ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጠው ዋሻ የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ነገር ግን መንገድ ተሠርቶ ካልተጠገነ ይፈርሳልና፤ ከነጻነት በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙው ስፍራ በጎርፍ ተበላ፤ ድልድዩም ተሰበረ።

ስለዚህ የኢትዮጵያ መንግሥት በ1943 ዓ.ም. መጀመሪያ ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተበደረ። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት በዐዋጅ ተቋቋመ። ያን ጊዜ የነበረው መንገድ 6,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በ1989 ዓ.ም. ታላቁ የመንገድ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር 26,550 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ የወረዳው መንገድ ሁሉ ሲቆጠር ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር መንገድ ሥራ ደግሞ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ቀበሌን ከቀበሌ ለማገናኘት የታሰበ ነው። በዚህም ሥራ ምክንያት አያቶቻቸው መኪና ሳያዩ የሞቱ ብዙ የገጠር ልጆች ዛሬ የመኪና ድምፅ እየሰሙ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ።

፫. መንገድ የሚጠበቅበት ገንዘብ

መንገድ መሥራት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ የተሠራውን መጠበቅ ግን ዘወትር የማያቋርጥ ወጪ ነው። ጣራው የፈሰሰ ቤት በጊዜው ካልተከደነ ግድግዳው እንደሚበሰብስ፤ የመንገድ ዳር ቦይም ካልተጠረገ ውሃው ወደ መንገዱ ወጥቶ ከሥር ይሸረሽረዋል። በጊዜው በጥቂት ገንዘብ ሊጠገን ይችል የነበረው መንገድ ከፈረሰ በኋላ እንደ አዲስ ይሠራ ዘንድ ግድ ይሆናል።

ለዚህ ጥገና የሚሆን ገንዘብ ዘወትር እንዳይጎድል መንግሥት በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ የተባለውን ድርጅት በዐዋጅ አቋቋመ። የገንዘቡም ዋና ምንጭ በነዳጅ ላይ የሚጨመር ክፍያ ነው። ይኸውም መንገዱን ብዙ የሚጠቀምበት ብዙ ነዳጅ ይገዛልና፤ ብዙም ይከፍላል፤ ጥቂት የሚጠቀምበት ጥቂት ይከፍላል ማለት ነው። ገበሬውም እህሉን በጭነት መኪና ሲያስጭን የነዳጁ ዋጋ በጭነቱ ኪራይ ውስጥ ስለሚገባ፤ ለመንገዱ ጥገና የበኩሉን አዋጥቷል። ስለዚህ የመንገድ ምልክት የሚነቅል፤ የድልድይ ብረት የሚፈታ፤ ቦዩን በአፈር የሚደፍን ሰው የመንግሥትን ንብረት ብቻ ሳይሆን የራሱንና የጎረቤቱን ገንዘብ ያጠፋል።

፬. ስለ ነጂ ትምህርት

መኪና ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ስሙንና የዕቃውን ስም ይዞ ገባ። መኪና፤ ጎማ፤ ፍሬን፤ ማርሽ፤ ፍሪሲዮን የሚባሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ ሾፌር የሚለው ደግሞ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን በመጀመሪያ ትርጓሜው እሳት የሚያነድ ማለት ነበር። ቀድሞ ብዙው ነጂ ሥራውን የሚማረው በረዳትነት ነበር። ረዳቱ ጭነት እያሰረ፤ ጎማ እየለወጠ፤ በቁልቁለትም ታኮ እያቀረበ ከቆየ በኋላ፤ ባለቤቱ ሲደክመው መሪውን ይይዝ ነበር። እንዲህ ያለው ልማድ እጅን ያሠለጥናል፤ ነገር ግን ደንብን አያስተምርም። ረዳቱ ከጌታው መልካሙንም ክፉውንም ልማድ አንድ ላይ ይወርሳልና።

ስለዚህ መንግሥት ለነጂዎች ትምህርትና ፈተና ወሰነ። በ2000 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 600፤ ኋላም እርሱን በተካው በ2010 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 1074፤ መንጃ ፈቃድ የሚፈልግ ሰው በማሠልጠኛ ቤት ተምሮ የመንገድን ደንብ በቃል፤ አነዳዱንም በሥራ እንዲፈተን ታዘዘ። ፈቃዱም እንደ መኪናው ዓይነት ልዩ ልዩ ነው። ትንሽ አውቶሞቢል ለመንዳት የተፈቀደለት ሰው ሕዝብ የጫነ አውቶቡስ ወይም ነዳጅ የጫነ ቦቴ መንዳት አይችልም። መኪናውም ራሱ በየዓመቱ ይመረመራል፤ ፍሬኑ፤ መሪው፤ መብራቱና ጎማው ደኅና መሆኑ ከታየ በኋላ ቦሎ ይለጠፍበታል።

መልካም ነጂ ከመሪ አያያዝ ሌላ ሦስት ነገር ያውቃል። መጀመሪያ የመኪናውን ጠባይ ያውቃል። ለምሳሌ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ የሚወርደው ቁልቁለት ከአንድ ሺህ ሜትር ይበልጣል። በዚህ ላይ ጭነት የጫነ መኪና ፍሬን ብቻ እየረገጠ ቢወርድ፤ ፍሬኑ በመፋተግ ብዛት ግሎ መያዙን ይተዋል። ስለዚህ ዐዋቂ ነጂ ቁልቁለቱን ሳይጀምር በከባድ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝለት ያደርጋል፤ ፍሬኑንም ለሚያስፈልግበት ጊዜ ይቆጥበዋል።

ሁለተኛ የራሱን ጉልበት መጠን ያውቃል። ዐረቄ ወይም ጠጅ ጠጥቶ አይነዳም፤ እንቅልፍ በመጣበትም ጊዜ ጫት እየቃመ ተፈጥሮን ለማታለል አይሞክርም፤ ከመንገዱ ወጥቶ ያርፋል እንጂ። የሚያንቀላፋ ነጂ ዐይነ ስውር ሰው መሪ እንደ ያዘ ይቆጠራል።

ሦስተኛ ከፊቱ የሚሄደው ሰው ወንድሙ መሆኑን ያውቃል። የጭነቱን ብዛትና የደመወዙን ጭማሪ አስቦ የሚቸኩል ነጂ ግን፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለው፤ ጊዜ አተርፋለሁ ሲል ሊለቀም የማይቻለውን የሰው ነፍስ ያፈሳል።

፭. መኪና ወዲያው ሊቆም ስላለመቻሉ

ከገጠር ሰው ብዙው መኪና ነጂው በፈለገ ጊዜ ወዲያው የሚቆም ይመስለዋል። በቅሎ ልጓሟ ሲሳብ በአንድ ወይም በሁለት ርምጃ ትቆማለችና። መኪና ግን እንዲህ አይደለም፤ ይህንንም በሒሳብ ማስረዳት ይቻላል።

በአንድ ሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። ነጂው በመንገድ ላይ ልጅ ባየ ጊዜ ዐይኑ አይቶ፤ ልቡ አስቦ፤ እግሩ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ አንድ ሴኮንድ ያህል ያልፋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ መኪናው ፍጥነቱን ሳይቀንስ 17 ሜትር ሄዷል። ፍሬኑ ከተረገጠ በኋላም መንገዱ ደረቅ አስፋልት፤ ጎማውና ፍሬኑም ደኅና ቢሆኑ፤ እስኪቆም ድረስ 20 ሜትር ያህል ይሄዳል። ድምሩ 37 ሜትር ይሆናል። እንግዲህ ልጁ 25 ሜትር ርቆ ቢገኝ፤ ነጂው የሚቻለውን ሁሉ ቢያደርግም መኪናው ገና ከ40 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ፍጥነት ሳለ ልጁ ዘንድ ይደርሳል።

ይኸው መኪና በአንድ ሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሄድ ቢሆን፤ ነጂው ፍሬን እስኪረግጥ 8 ሜትር፤ ከዚያም እስኪቆም 5 ሜትር ያህል ይሄድ ነበር። ድምሩ 13 ሜትር ነው፤ ልጁም ይድናል። ከዚህ ላይ አንድ ታላቅ ነገር ማስተዋል ይገባል። ፍጥነቱ በሁለት እጥፍ ሲጨምር ፍሬን ከተረገጠ በኋላ የሚሄደው ርቀት በሁለት እጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ ይጨምራል። ጭነት የከበደው መኪና ደግሞ ከዚህ ይረዝማል፤ ዝናብ በዘነበ ጊዜና በኮረት መንገድ ላይም እንደዚሁ ነው።

ስለዚህ መንገዱ እየተስተካከለና እየሰፋ በሄደ መጠን አደጋው በራሱ አይቀንስም። ይልቁንም ነጂው ስለሚፈጥን ይጨምር ይሆናል። በዓለም ሁሉ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት የዓለም የጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. አስታውቋል። ከ5 ዓመት ጀምሮ እስከ 29 ዓመት ያሉትን ልጆችና ወጣቶች ከሚገድለው ነገር ሁሉ የመንገድ አደጋ የመጀመሪያው ነው። በኢትዮጵያም በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠር ሰው በዚህ ይሞታል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ መኪና ላይ የተቀመጡ ሳይሆኑ በእግራቸው የሚሄዱ ናቸው።

፮. መንገደኛ ሊጠብቀው የሚገባ ደንብ

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወስደውና በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው የፍጥነት መንገድ ግራና ቀኙ በአጥር የተከለለ ነው፤ እግረኛና ከብት ወደ እርሱ አይገባም። ይሁን እንጂ አገሪቱን ሁሉ እንዲህ ባለ አጥር መክበብ አይቻልም። በገጠር ሰውና ከብት ከመኪና ጋራ በአንድ መንገድ ይሄዳሉ። ስለዚህ በዚያ በአጥር የሆነው፤ በሌላው ስፍራ በደንብ ሊሆን ይገባዋል። ደንቡም የሚከተለው ነው።

መጀመሪያ፤ እግረኛ የመንገዱን ግራ ይዞ ይሂድ። በኢትዮጵያ መኪና ቀድሞ በግራ በኩል ይሄድ ነበር፤ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ ግን በቀኝ በኩል እንዲሄድ ተወሰነ። ስለዚህ ግራውን ይዞ የሚሄድ እግረኛ በአጠገቡ የሚያልፈው መኪና ከፊቱ ይመጣልና ያየዋል፤ ቀኙን የያዘ ግን ከኋላው የሚመጣበትን አያይም።

ሁለተኛ፤ መንገድ የሚሻገር ሰው አስቀድሞ ቆሞ ግራና ቀኝ ይመልከት፤ መኪና አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ ሳይሮጥና ሳይመለስ በቀጥታ ይሻገር። በመታጠፊያ፤ በኮረብታ ራስና በቆመ አውቶቡስ ፊት አይሻገር፤ በእነዚህ ስፍራዎች ነጂው እርሱን አያየውምና። ታላላቆች ልጆች ታናናሾቻቸውን በእጃቸው ይዘው ያሻግሩ።

ሦስተኛ፤ ከብት የሚነዳ እረኛ ብቻውን ከኋላ አይሁን። ሁለት ሆነው አንዱ ከፊት፤ አንዱ ከኋላ ይሁኑ። መንጋው በሁለት ተከፍሎ መንገዱን ግራና ቀኝ ከያዘ፤ ጥጃ ወደ እናቱ፤ ግልገልም ወደ እናቲቱ መሮጡ አይቀርም፤ እረኛውም ተከትሎ ይሮጣል። ብዙ እረኛ የሞተው በሬውን ወይም በጉን ለማዳን ሲል ነው።

አራተኛ፤ በምሽት የሚሄድ ሰው ነጭ ጋቢ ወይም ነጭ ነጠላ ከላይ ይልበስ፤ ወይም መብራት ይያዝ። ጥቁር ልብስ የለበሰውን ነጂው የሚያየው በጣም ከቀረበ በኋላ ነው፤ ነጭ ልብስ ግን የመኪናውን መብራት ይመልሳልና ከሩቅ ይታያል።

አምስተኛ፤ መንገድ አውድማ ወይም መጫወቻ አይደለም። እህል በአስፋልት ላይ ማስጣት፤ በመንገድ ላይ ኳስ መጫወት፤ ከሚሄድ መኪና ኋላ መንጠልጠል፤ በጭነት ላይ መቀመጥ ክልክል ነው። መኪና ተበላሽቶ በቆመ ጊዜ ለምልክትና ለታኮ የተደረደረ ድንጋይም መኪናው ሲነሣ ከመንገዱ መወገድ አለበት። ነጂው ረስቶት ቢሄድ፤ በቀን ያየው መንገደኛ ግራና ቀኙን አስተውሎ ያንሣው። በሌሊት የሚመጣው መኪና ያን ድንጋይ አያየውምና፤ አንድ ድንጋይ ማንሣት አውቶቡስ ሙሉ ሰው ማዳን ሊሆን ይችላል።

፯. አደጋ በደረሰ ጊዜ

አደጋ በደረሰ ጊዜ የመጀመሪያው ሥራ የተጎዳውን መርዳት ነው እንጂ ነጂውን መደብደብ አይደለም። ነጂው ጥፋተኛ ቢሆን የሚመረምረው ፖሊስ፤ የሚፈርድበትም ዳኛ ነው። ሕዝቡ ይደበድበኛል ብሎ የሚፈራ ነጂ የተጎዳውን ጥሎ ይሸሻል፤ በዚህም ምክንያት ሊድን የሚችለው ሰው ይሞታል።

ስለዚህ በስፍራው ያለ ሰው አስቀድሞ ሌላ መኪና እንዳይመጣባቸው በሩቅ ሆኖ በልብስ ወይም በቅጠል ምልክት ያሳይ። ደም የሚፈሰውን ቁስል በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ ይያዝ። አንገቱን ወይም ጀርባውን የተመታ የሚመስለውን ሰው፤ እሳት ወይም ሌላ አደጋ ካላስፈራ በቀር፤ አይጎትተው። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ አያጠጣ፤ ውሃው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና። ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ፖሊስ በቶሎ ይላክ።

ብዙ ሰው የሕክምና ዋጋ አይኖረኝም ብሎ በቤቱ ይቀራል። ይህ ባለማወቅ የሚመጣ ጉዳት ነው። በ2000 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 559፤ ኋላም በ2005 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 799 እንደ ተደነገገው፤ ማናቸውም ባለ መኪና በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚደርስ ጉዳት መድን ሳይገባ መኪናውን በመንገድ ላይ እንዳይነዳ፤ ለተጎዳውም ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዲሰጠው ታዝዟል። ስለዚህ የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር በወረቀት ወይም በአፈር ላይ ጽፎ መያዝ ያስፈልጋል። በዚህ ሥራ ማንበብና መጻፍ የሚያውቅ ተማሪ ከሽማግሌው ይልቅ ለመንደሩ ሊጠቅም ይችላል።

፰. ማጠቃለያ

መንግሥት መንገድ ይሠራል፤ ነጂን ያስተምራል፤ መኪናን ይመረምራል፤ መድንን ያዝዛል። ነገር ግን በእያንዳንዱ መታጠፊያና በእያንዳንዱ መሻገሪያ ፖሊስ ማቆም አይችልም። እዚያ የሚገኙት ነጂውና መንገደኛው ብቻ ናቸው። አንደኛው ፍጥነቱን ሲቀንስ፤ ሁለተኛው ግራውን ይዞ ሲሄድ፤ መንገዱ ለሁለቱም የሰላም መንገድ ይሆናል። ደንብን ከተማሪ ቤት ተምሮ ለአባቱ፤ ለእናቱና ለእረኛው ወንድሙ የሚነግር ልጅ አንድ ቤተ ሰብ ከኀዘን ያድናል። መንገዱም የተሠራበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ሰው ከወጣበት በደኅና ወደ ቤቱ እንዲመለስ ነው።

ጥያቄዎች

1. መንገድ በረሃብ ጊዜ የሰው ነፍስ የሚያድነው እንዴት ነው?
2. የመንገድ መጠገኛ ገንዘብ ከምን ይገኛል? ገበሬውስ የሚያዋጣው በምን መንገድ ነው?
3. በረዳትነት ብቻ የተማረ ነጂ የሚጎድለው ምንድን ነው?
4. ነጂ ቁልቁለት ሲወርድ ስለ ምን በፍሬን ብቻ አይታመንም?
5. በአንድ ሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ነጂው ልጅ ካየ በኋላ እስኪቆም ስንት ሜትር ይሄዳል? 30 ኪሎ ሜትር የሚሄደውስ? ሁለቱን ርቀት በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ በገመድ ለክታችሁ ምልክት አድርጉ።
6. እግረኛ ግራውን ይዞ እንዲሄድ የታዘዘው ስለ ምንድን ነው?
7. ከመንደራችሁ እስከ ትምህርት ቤቱ ባለው መንገድ ላይ ነጂ እግረኛን ሊያይባቸው የማይችልባቸውን ስፍራዎች ቆጥራችሁ ጻፉ።